ላም በተሣለባት መኪና ወደ ሐይቅ

ደግሰው መኪናዋን በጨረታ ገዝቶ ግቢ ሲያስገባ ሚስቱ ሰርክአዲስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ምን ልትጭንባት ነው?»

«እኛን» አላት።

የቀለደ መስሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ደግሰው ላሊበላ ውስጥ የቱሪስት ሾፌር ነው። ከአየር ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ አየር ማረፊያ፤ ሌላውን ሰው ሲያዝናና ዓመቱ ያልቃል። እሱ ራሱ ግን ከሥራ ውጭ የትም ሄዶ አያውቅም። ሚሌኒየሙ ካለፈ ሁለተኛው ዓመት ላይ ነው፣ ልክ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ሁለት ያረጁ ሆላንዳውያን ባልና ሚስት ቤታቸውን እየነዱ ከተማዋ ገቡ። ቤታቸውን ነው የምላችሁ፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ መጋረጃው ሳይቀር ያለው መኪናው ውስጥ ነው። ሴትዮዋ በሩ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ፣ ሽማግሌው ከጎናቸው መጽሐፍ ያነባሉ። ደግሰው መኪናውን ያቆሙበት ሆቴል ዘበኛ እስኪቆጣው ድረስ ቆሞ አያቸው። ቀጥሎ የት እንደሚሄዱ ሲጠይቃቸው፣ «ደስ የሚል ውሃ ዳር ስናገኝ እዚያ እናድራለን» አሉት። ነገሩ ከልቡ አልወጣ አለ።

የገዛት መኪና በፊት የአንድ የእንስሳት ሕክምና ፕሮጀክት ነበረች። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ለጨረታ ወጣች። ከኋላዋ ክፍል የሚያህል ሳጥን አላት፤ ውስጡ መደርደሪያና የውሃ ገንዳ አለው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በግና ፍየል እያጋደሙ የሚያክሙበት ረጅም ጠረጴዛ። «ይኸ አልጋ ነው» አለ ደግሰው ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ። በጎኗ በኩል አንዲት ትልቅ ቀይ ላም ተሥላ፣ ከሥሯ «ተንቀሳቃሽ የእንስሳት ክሊኒክ» የሚል ተጽፏል። ነጭ ቀለም ቀባት። ጽሑፉ ጠፋ፤ ላሚቱ ግን ቀለሙ ሲደርቅ ተመልሳ ብቅ አለች። ደግሞ ቀባት። በማግሥቱ ሲያያት በጭጋግ ውስጥ የቆመች ላም መስላ ታየዋለች። ተዋት።

እነ ደግሰው የሚኖሩት ከሰርክአዲስ ወላጆች ጋር በአንድ ግቢ ነው። አማቱ የኔታ ሀብተ ሥላሴ የቤተ ማርያም መሪጌታ ናቸው። ስለ ጥብርያዶስ ባሕር ሲተረጉሙ ተማሪዎቻቸው ማዕበሉ የሚረጫቸው ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከላስታ ወጥተው አያውቁም፤ በዓይናቸው ያዩት ትልቁ ውሃ በነሐሴ የሞላ ወንዝ ነው። ደግሰው ይህን ያውቃል። ጉዞውን ሲያስብ ከሁሉ በፊት በልቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁሉም በተቀመጡበት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የኔታ፣ እማማ፣ አንድ ነገር አስቤ ነበር። ከፋሲካ በኋላ መኪናዋን እንደ ቤት አዘጋጅቼ ሐይቅ እንሄዳለን። ውሃው ዳር ድንኳን እንተክላለን፣ መኪናዋ ውስጥ እናድራለን። ጥቂት ቀን ቆይተን እንመለሳለን።»

አማቱ ወይዘሮ ይማርሽ እህል የሚያበጥሩበትን ሰፌድ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። በዚያ ሰሞን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉ ቤቶች ይነሣሉ፣ ሰዉም ሌላ ሠፈር ይሰጠዋል እየተባለ ይወራ ነበር።

«በመጨረሻ የሰጡን ይኸን ነው?» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«መኪና ውስጥ ያለውን ቤት። መሬት ጠፋና ነው?»

«ኧረ ማንም አላስነሣንም። ለመዝናናት ነው።»

«ቤት ያለው ሰው ሜዳ ላይ ማደር መዝናናት ሆነ?»

«ፈረንጆቹ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

«የፈረንጅ አገር በረዶ ነው ይባላል። ጥለውት ቢሸሹ አልፈርድባቸውም።»

የኔታ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ ያዳምጡ ነበር። «ሐይቅ ያልከው፣ እስጢፋኖስ ያለበት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ውሃው ሰፊ ነው ይላሉ።»

«ሰፊ ነው።»

«እኔ የምሄደው ገዳሙን ልሳለም ነው» አሉ። «ውሃውን እግረ መንገዴን አየዋለሁ።»

«ገዳሙ ሴት አይገባበትም ይባላል» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ። «እኔና ልጄስ ምን ልንሠራ ነው?»

«እናንተማ ውሃውን ትጠብቃላችሁ» አሉ የኔታ። ሰርክአዲስ ሣቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ነገሩ በዚህ ተቆረጠ።

የቀኑ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተቆረጠም። ደግሰው የፈለገው ቱሪስት የሚቀንስበትንና ጾም የሌለበትን ሳምንት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ለሁለቱም ይመቻል። የኔታ ግን ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የፋሲካ ሰሞን ቤቱ እንግዳ ነው። ከዚያ ዳግማይ ትንሣኤ አለ። ከዚያ የሚያዝያ ማርያም፤ ያኔ ከደብራቸው ከጠፉ ሰው ምን ይላል? ከዚያ ደግሞ ጊዮርጊስ፣ ወሩ ሲገባ ልደታ።

«እንግዲያ ባዶ ቀን መቼ ነው ያለው?» አለ ደግሰው።

«ቀን ባዶ የለውም» አሉ የኔታ፣ እንደ ማዘንም ብለው። በመጨረሻ ግን ከጊዮርጊስ ማግሥት እስከ ልደታ ዋዜማ ድረስ አንዲት ስንጥቅ ተገኘች፤ ጉዞው እዚያች ስንጥቅ ውስጥ ተሰነቀረ።

ወሬው የቀበሌው ሊቀ መንበር ታፈረ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም። ምርጫው ሊደርስ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ስለነበሩ ታፈረ በዚያ ወቅት እንቅልፍ አልነበረውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥቶ በመኪናዋ ዙሪያ ዞረ፣ ላሚቱንም ትኩር ብሎ አያት።

«ድንኳን ገዝታችኋል ይባላል» አለ።

«ተውሰን ነው» አለ ደግሰው።

«ለስንት ሰው?»

«ለአራት።»

«አራት ሰው ነው ወይስ አራት ተወካይ?»

«ታፈረ ሙት፣ እኔ፣ ሚስቴ፣ አማቶቼ ነን።»

«እኔማ አምንሃለሁ። ከላይ ቢጠይቁኝ ነው ጭንቁ። መኪና አለ፣ ድንኳን አለ፣ የተከበሩ መሪጌታ አሉበት። የጉዞው ዓላማ መዝናናት ነው ብዬ ሪፖርት ባደርግ ማን ይቀበለኛል?»

የኔታ ከደጃፋቸው ሆነው ይሰሙ ነበር። «ታፈረ፣ ልጄ» አሉት። «ውሃ ልናይ ነው።»

«ውሃው ምን ሆነ የኔታ?»

«ምንም አልሆነም። እንዳለ ነው የምናየው።»

ታፈረ የመኪናዋን የኋላ በር ከፍቶ ገባ፤ መጋረጃውን ነካካ፣ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈውን ፍራሽ ተጫነው፣ ቁጭም አለበት። ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከምርጫው በፊት መመለሳችሁን ብቻ እንዳትረሱ። ምርጫው ሲያልፍ ደግሞ… እኔንም ከነልጆቼ አንድ ቀን ብትወስደን ደስ ይለኛል።»

ቀጥሎ የአተኛኘት ጥያቄ መጣ። አማችና አማት በአንዲት ቆርቆሮ ሥር፣ ያውም ጎን ለጎን? ወይዘሮ ይማርሽ ይህን ሲያስቡት ፊታቸው ቀላ። ደግሰው መጋረጃ ሰቀለ። እናትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ፣ የኔታ በግድግዳው በኩል ባለው አግዳሚ ላይ፣ እሱ ከበሩ ሥር ወለሉ ላይ ሊተኙ ተስማሙ። ሆኖም ሳይሞከር መንገድ መውጣት አልፈለገም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁሉንም አስገብቶ በየቦታቸው አስተኛቸው።

«አንድም ሰው እንዳይንቀሳቀስ» አለ። «መኪናዋ ትወዛወዝ እንደሆነ ልየው።»

አልተወዛወዘችም። የኔታ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው ተጋድመዋል። የምሳው ድካም፣ የቆርቆሮው ሙቀትና ዝምታው ተባብረው ትንሽ ቆይቶ አራቱንም እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጎረቤታቸው አሰለች ወንፊት ልትዋስ ስትገባ ያየችው ይህን ነው። በሩ በተከፈተ መኪና ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንዳለ ተዘርግቷል፤ መሪጌታው ደግሞ ለፍትሐት እንደተዘጋጀ ሰው እጃቸው ተመሳቅሏል። ቀርባ ትንፋሻቸውን ልታዳምጥ አልደፈረችም። ተመልሳ ወጣች፤ ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት።

መጀመሪያ የነቁት የኔታ ናቸው። ዓይናቸውን ግን አልገለጡም፤ ስማቸው ሲጠራ ሰምተዋልና ማዳመጥ ፈለጉ። አንዷ ድምፃቸውን አነሣች፤ እንዲህ ያለ ዜማ ከእንግዲህ አይገኝም አለች። ሌላዋ ለድኻ ያደረጉትን ቆጠረች። የኔታ ደስ ብሏቸው ተኝተዋል። ሦስተኛዋ ደግሞ አፍንጫዋን እየጠራረገች፣ «ቁጡ ነበሩ እንጂ ክፉ አልነበሩም» አለች።

«ቁጡ ያለችኝ ማን ናት?» አሉ የኔታ ቀና ብለው።

ግቢው ወዲያው ባዶ ሆነ። አሰለች ብቻ ቆማ ቀረች፤ ወይዘሮ ይማርሽም ነቅተው ወንፊቱን ሰጧት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጉዞው ያልሰማ የላሊበላ ሰው አልነበረም። ምክር የሌለውም አልነበረም፤ አንዱ የሐይቅ ትንኝ ጆሮ ይበላል ይላል፣ አንዱ ጠጠር ያለበት ቦታ ላይ እንዳትተኙ ይላል።

ስንቅ ማዘጋጀት የወይዘሮ ይማርሽ ድርሻ ነበር። መጀመሪያ በሶ ብቻ አሉ። ከዚያ ድርቆሽ ተጨመረ፣ ከዚያ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ሽሮ፣ ጠላ በጀሪካን። በመነሻው ዕለት ማለዳ ደግሰው የመጨረሻውን ዕቃ ጭኖ ዞር ሲል አማቱ አንድ የበግ ሙክት በገመድ እየጎተቱ መጡ።

«እማማ፣ ይኼ የት ነው?»

«ሰው አገር በበዓለ ሃምሳ በሶ በጥብጬ ልጠጣ ነው? እዚያው ውሃው ዳር ይታረዳል።»

ሙክቱ ከኋላ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ታሰረ። የኔታ ጸሎት አደረሱ፣ መኪናዋም ተነሣች። ሰርክአዲስ በኋላ እንደምትለው፣ ላም የተሣለባት፣ በግ የሚጮኽባት መኪና ሐይቅ ለመዝናናት ትሄዳለች ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳልነበረ ያኔ ሊያውቁ ይገባቸው ነበር።

ጋሸና የደረሱት ገበያው በሞቀበት ሰዓት ነው። ከላሊበላ የሚመጣው መንገድ ከዋናው መንገድ የሚገጥመው እዚያ ስለሆነ ከተማዋ የጭነት መኪናና የምግብ ቤት ናት። ደግሰው ጎማ ሊያይ መስኩ ዳር አቆመ። ገና ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የሚያነክስ በቅሎ እየጎተቱ መጥተው ገመዱን የመኪናዋ የፊት መከላከያ ላይ አሰሩ።

«አባቴ፣ ምነው?» አለ ደግሰው።

«ተራ ልይዝ ነው።»

«የምን ተራ? ይቺ የሕክምና መኪና አይደለችም። እኛ ለመዝናናት የምንሄድ ሰዎች ነን።»

ሽማግሌው መኪናዋን አዩ፣ ላሚቱን አዩ። ከውስጥ በጉ ጮኸ።

«ድሮም እንዲህ ነው» አሉ በትዕግሥት። «መጀመሪያ አይሆንም ትላላችሁ፤ በኋላ ታክማላችሁ።»

ከኋላቸው አንዲት ሴት ሁለት ፍየል ይዛ ቆማለች። ከእሷ ኋላ መብላት ያቆመ በሬ የያዘ ጎልማሳ አለ። ወሬው ገበያውን ዞሮ ነበርና ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ደግሰው ካንዱ ወደ ሌላው እየሄደ አስረዳ፤ ሰዎቹም በጨዋነት ሰሙት፣ ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም። መኪናዋን ሊያስነሣ ቢል በቅሎዋ ከፊቱ ታስራለች።

የኔታ ከመኪናው ወርደው ሰልፉን አዩት።

«ደግሰው» አሉ። «ይኸ ሁሉ ሰው ከብቱን እየጎተተ መጥቷል። ባዶውን አይመለስም።»

«እኔ ሾፌር ነኝ፣ የኔታ። ምን ላድርግ?»

«የከብት ሐኪም ፈልግ።»

ሐኪሙ ተክለ ሚካኤል የሚባል ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ የተገኘው ከገበያው ወዲያ በእግሩ ከአንድ መንደር ሲመለስ ነው። መኪናዋን ከሩቅ ሲያያት ቆመ። ቀረበና መዳፉን ላሚቱ ላይ አሳረፈ።

«ቀብታችኋታል» አለ።

«ሁለት ጊዜ» አለ ደግሰው።

«አትለቅም። እኔ ነኝ ያሣልኳት፤ ጥሩ ቀለም ነው ያስመጣሁት።»

ፕሮጀክቱ እስኪዘጋ ድረስ ተክለ ሚካኤል የሚሠራው በዚች መኪና ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ ነው። የኋላውን በር ሲከፍትና መጋረጃውን፣ ፍራሹን፣ ድርቆሹን ሲያይ የሞተ ዘመዱን በሠርግ ልብስ ያየ መሰለ። ወይዘሮ ይማርሽ ግን ነገሩ ገብቷቸው ፍራሹን ከጠረጴዛው ላይ መጠቅለል ጀምረው ነበር።

እስከ ማምሻ ሠሩ። ሰርክአዲስ ውሃ ታቀብላለች፣ ደግሰው ቀንድ ይይዛል፣ የኔታ ሰልፉን ያስከብራሉ፤ እሳቸው ፊት ለመገፋፋት የደፈረ አልነበረም። በቅሎዋ ከሰኮናዋ ስንጥር ወጣላት። ፍየሎቹ ተወጉ። በዚያ ግርግር መሐል ተክለ ሚካኤል መጋረጃውን ገልጦ አንድ ሙክት አገኘ፤ የሰልፉ መስሎት እሱንም ወጋው።

«የማነው ይኼ?» አለ መርፌውን እየነቀለ።

«የእኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ። «ነገ ሐይቅ ላይ የሚታረድ ነው።»

ተክለ ሚካኤል መርፌውን አየ፣ በጉን አየ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ለሦስት ሳምንት ሊታረድ አይችልም።»

ወይዘሮ ይማርሽ መጋረጃውን መልሰው ጋረዱበት። በጉም ዝም አለ።

የዚያን ዕለት ያደሩት ጋሸና መስክ ላይ፣ በዚያ ደጋ ንፋስ ውስጥ ነው። ድንኳኑ ገና ሲዘረጋ ንፋሱ ይዞት ሊሄድ ስለነበር ጠቅልለው ተዉት፤ አራቱም መኪናዋ ውስጥ ጋቢ ደራርበው ተኙ፤ የአማችና የአማትን ነውር ያስታወሰ አልነበረም። ማለዳ ላይ ሽማግሌው የበቅሎ ባለቤት እንሥራ ሙሉ እርጎ አመጡላቸው። ተክለ ሚካኤልም ሊሰናበት መጣ፤ መኪናዋንም ዞሮ ዞሮ አያት። ደግሰው ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ ቆየ።

«ክረምት ላይ ቱሪስት የለም» አለው። «በገበያ ቀን እኔ ራሴ ይዣት እመጣለሁ። አንተ መድኃኒቱን ያዝ።»

በወልድያ በኩል አድርገው ሐይቅ የደረሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ከመንገዱ ታጥፈው ዛፎቹን እንዳለፉ ውሃው በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ደግሰው ሞተሩን አጠፋ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱና እስከ ዳሩ ሄዱ፤ ሞገዱ ጫማቸውን ሲነካው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እንዴት ነው አባባ?» አለች ሰርክአዲስ።

«ይንቀሳቀሳል» አሉ።

«ምኑ?»

«ሁሉም። ቆሞ የሚጠብቅ ነበር የመሰለኝ።»

በማግሥቱ አንድ ጀልበኛ ወደ ገዳሙ በውሃ ላይ ላድርስዎ አላቸው። የኔታ ጀልባዋን አዩዋት፤ ጠባብ ናት፣ ቆማም ትወዛወዛለች።

«ቅዱስ ጴጥሮስን» አሉ ለደግሰው፣ ጀልበኛው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በውሃ ላይ ሲሄድ ፈርቶ ሊሰጥም ጀመረ እያልኩ፣ እምነቱ ጎደለ እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። እኔ ብሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም ከጀልባዋ አልወርድም ነበር። አሁን ሳየው ደግሞ ጀልባዋም ውስጥ አልገባም ነበር።»

ዞረው በየብሱ መንገድ ሄዱ። ገዳሙን ተሳለሙ፣ ከመነኮሳቱ ጋር እስከ ቀትር ተጫወቱ። ሲመለሱ ግን ፀሐዩ ከረረ፣ ጉልበታቸውም ደከመ። ደግሰው ጀልበኛውን ጠራው።

ወይዘሮ ይማርሽና ሰርክአዲስ ከዳር ሆነው ሲያዩ፣ የኔታ ከጀልባዋ መሐል ተቀምጠው፣ ሁለቱን ጠርዞች በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው ይመጣሉ። ጥምጥማቸው ተጣሟል። ከንፈራቸው ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል።

«ዓይንዎን ይግለጡ እንጂ» አሉ ወይዘሮ ይማርሽ ከዳር ሆነው። «ልናየው አይደል የመጣነው?»

አንዱን ዓይናቸውን ገለጡ። ትንሽ ቆይተው ሁለተኛውን ገለጡ። ጀልበኛው መቅዘፉን ትቶ መረቡን እየሳበ ነበር፤ ዓሣዎቹ እየተገላበጡ ወደ ጀልባዋ ሲገቡ የኔታ አንዱን ጠርዝ ለቀቁ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያም ሊያግዙት ጎንበስ አሉ።

በጉ ከዛፉ ሥር ሣሩን ሲግጥ እነሱ ዓሣ በሉ። ወይዘሮ ይማርሽ መጀመሪያ የዓሣውን ዓይን ሲያዩ ተጸየፉ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በቅጠል ሸፈን አድርገው አንድ ጉርሻ ቀመሱ፣ ከዚያ በርበሬያቸውን አወጡ። የኔታ ግን መብላታቸውን ረስተዋል። ከጀልበኛው ጎን መሬት ላይ ተቀምጠው፣ መረቡ ከየትኛው ጎን እንደሚጣል፣ ለምን ማታ እንደሚሻል፣ መረቡን የሚያሰጥመው እርሳስ የት ላይ እንደሚታሰር ይጠይቁታል፤ እሱ ሲመልስ «ቆይ፣ ደግመህ ንገረኝ» ይላሉ፣ ለተማሪዎቻቸው እንደሚሉት። ዓሣቸው ፊት ለፊታቸው እየቀዘቀዘ ነው። ወይዘሮ ይማርሽ ጥቂት ከጠበቁ በኋላ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡትና የእሳቸውንም በሉላቸው።